ሦስት ወር ሙሉ ሌብል ላይ መርዝ ስፈልግ

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ማታ ማታ ኡበር እሰራለሁ። ባለፈው ዓመት ኤ ዋን ሲዬ (የሁለት ሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየው ምርመራ) 6.1 ሆኖ ተገኘና ፕሪዳያቤቲክ ነህ፣ ስኳር በሽታ ደፍ ላይ ነህ ተባልኩ (ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ነው እንደዛ የሚባለው)። እራቴ መኪና ውስጥ የታሸገ ኬክና ለስላሳ ነበር፣ ፆም ሲሆን ደግሞ ብስኩቱ የፆም ነው እያልኩ ፓኬቱን እጨርሳለሁ። በቃ ስለዚህ አልትራ ፕሮሰስድ ስለሚባለው፣ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ስለተቀነባበረው ምግብ ራሴ አነባለሁ አልኩ።

አጀማመሬ ግን ቀሽም ነበር። ሱቅ እየገባሁ ሌብል ፎቶ አነሳለሁ፣ ማልቶዴክስትሪን ምናምን እያልኩ የሚጨመርበትን ሁሉ እየጻፍኩ ደብተር ሞላሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሰብስቤ "ኬሚካሉ እኮ ነው በቀን 500 ካሎሪ የሚያስጨምረን፣ በጥናት ተረጋግጧል!" እያልኩ እሰብካለሁ። አንዷ ነርሲንግ የምትማር ልጅ "ስንት ሰው ላይ ነው የተሰራው?" ስትለኝ ዝም አልኩ፣ ዜናውን እንጂ ጥናቱን አላነበብኩትማ።

የዛን ቀን ማታ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ጥናቱን ራሱን ከፈትኩት። 2019 ላይ ኬቪን ሆል የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሰሩት ነው፣ 20 ሰው ለአራት ሳምንት እዛው ግቢያቸው አስቀምጠው ሁለት ሳምንት የፋብሪካውን፣ ሁለት ሳምንት ብዙም ያልተነካካውን ምግብ አበሏቸው፣ የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨው፣ ፋይበር እኩል ሆኖ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። በፋብሪካው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አስበልጠው በሉ፣ ወደ አንድ ኪሎ ጨመሩ፣ በሌላው ያንኑ ያህል ቀነሱ። የተሰራው ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ቤተስዳ፣ የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋሙ (NIH) ውስጥ፣ ስንቴ ተሳፋሪ ይዤ በበሩ ያለፍኩበት ግቢ!

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው፣ የፋብሪካውን ምግብ ፈጠን ብለው ነበር የሚበሉት። ፋይበሩን እኩል ለማድረግ ደግሞ ሎሚ መጠጥ ውስጥ ነው የበጠበጡላቸው፣ ምግቡ ራሱ ብዙ ማኘክ የማይፈልግና በትንሹ ብዙ ካሎሪ የያዘ ነው። ይሄኛው ኬሚካል ነው ጥፋተኛው የሚል ነገር ጥናቱ ውስጥ የለም፣ የኔ ደብተር ለካ ያልተጠየቀ ጥያቄ ሲመልስ ነበር። ስልኬን ሰዓት አስይዤ ኬኬን በላሁ፣ ሦስት ደቂቃ። በማግስቱ ቆሎ ያዝኩ፣ ግማሹን ሳልቆረጥም ተሳፋሪ መጣ።

ከዛ ደብተሬ ላይ "ተመድቦለት ነው ወይስ ታይቶ?" የሚል መስመር ጨመርኩ (ሰውየው የሚበላውን ተመራማሪው ነው የመደበለት ወይስ ራሱ የመረጠውን ዝም ብለው ነው ያዩት ለማለት ነው)፣ ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው። ለምሳሌ ፈረንሳይ ከ100,000 በላይ ሰው ተከታትለው የፋብሪካው ምግብ ድርሻ 10% በጨመረ ቁጥር የስኳር በሽታ ስጋቱ 15% ከፍ ብሎ አግኝተውታል፣ ግን ሰዎቹ ራሳቸው የመረጡትን ነው የበሉት፣ እንደኔ ሌሊት የሚሰራና እንቅልፍ ያጣም ይኖርበታል፣ ሂሳቡ ያንን ሁሉ አጥርቶ ማውጣት አይችልም።

ሌላው ስህተቴ ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ መክተቴ ነው። ብራዚላዊው ካርሎስ ሞንቴሮ ያወጣው ኖቫ የሚባለው አመዳደብ ለስላሳውንም፣ ብዙውን የፋብሪካ ሙሉ ስንዴ ዳቦም አራተኛው ምድብ ነው የሚያደርገው፣ አሜሪካ በተደረጉት ረጅም ክትትሎች ግን ከስኳር በሽታ ጋር ከተያያዙት ውስጥ ለስላሳና የተቀነባበረ ስጋ አሉበት፣ ሙሉ ስንዴ ዳቦው እንደውም በተቃራኒው ነው። እኔ ደግሞ ባለቤቴ ላይ ዳቦዋን ከልክዬ ሁለት ሳምንት ተኳርፈናል፣ ይቅርታ ጠይቄ ራሴ ገዝቼ ገባሁ።

አሁን 5.8 ነኝ። ግን ለስላሳም ትቻለሁ፣ በእግሬም መሄድ ጀምሬያለሁ፣ ቆሎውም አለ፣ የቱ እንደሰራ እንጃ። ለዛች ልጅ ብነግራት "ኮንትሮልህ የታለ? ከምን ጋር አወዳደርከው?" ነው የምትለኝ።