«ኖንግ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

ባንኮክ ሥራ በጀመርኩበት ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሦስት ሰው ዕድሜዬን ጠይቆኛል። አንዷ እንዲያውም ከስሜ በፊት ነው የጠየቀችኝ። እኔም ሳላስበው «በ1983 ነው የተወለድኩት» ብዬ አረፍኩት። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ዓይኗ ፈጠጠ። የእኛ 1983 በፈረንጅ 1991 ነው፣ በእነሱ ደግሞ 2534። እነሱ ፈረንጁን በ543 ዓመት ይቀድሙታል፣ እኛ በሰባት በስምንት ወደ ኋላ እንቀራለን። ካልኩሌተር ወጣ፣ ተሳቀ፣ በመጨረሻ «እንግዲያው ኖንግ ነህ» ተባልኩ፤ ታናሽ ማለት ነው። እሷም ከዚያች ደቂቃ ጀምራ «ፒ» ሆነችብኝ፣ ታላቅ። ጋሼም እትዬም በአንድ ቃል።

ጥያቄው ገመና ለመፈለግ አልነበረም። ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ፣ ማን ቀድሞ መዳፉን ገጥሞ «ዋይ» ብሎ ሰላምታ እንደሚሰጥ፣ ይኼን ሳያውቁ ወሬ መጀመር አይመቻቸውም። ውጭ አገር ተምሮ የመጣው የ34 ዓመት ሥራ አስኪያጃችን የ58 ዓመቱን ዋና ድንጋይ ቆራጭ «ፒ» እያለ ነው የሚያዛቸው። ያዛቸዋል ማለትም ይከብዳል፤ ይለምናቸዋል ቢባል ይሻላል።

መሥሪያ ቤቱ የከበረ ድንጋይ ነጋዴ በሚበዛበት በሲሎም መንገድ አካባቢ ነው። እኔን የቀጠሩኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ የወሎ ኦፓል። ደሴ አድጌ፣ ጂኦሎጂ ተምሬ፣ ደላንታ ወገልጤና ገደሉ አፋፍ ላይ ከሚቆፍሩት ልጆች ጋር ቆሎ የበላሁ ሰው ነኝ። ግን በታይላንድ ሕግ የከበረ ድንጋይ መቁረጥና መሞረድ ለውጭ ዜጋ ክልክል ነው፣ ለአገሬው ብቻ ከተተዉት ሙያዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን እመርጣለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እመዘግባለሁ እንጂ መቁረጫው ዲስክ ጋ አልደርስም። ዲስኩ የዋናው ቆራጭ፣ የፒ ነው። እሳቸው ከአራተኛ ክፍል አልዘለሉም፤ በልጅነታቸው የከበረ ድንጋይ ንግድ ከተማዋ ቻንታቡሪ ገብተው በሩቢና በሳፋየር ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ እጅ ነው ያላቸው።

ጥፋቴ የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። ጥሬ ኦፓል ደረሰን። ፒ እንደ ልማዳቸው ውስጡን ለማየት ድንጋዩን ውኃ ውስጥ ዘፈዘፉት። ለሳፋየር ምንም አይደለም። የወሎ ኦፓል ግን ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ እንደ መስታወት ይጠራና ያ የሚንቀለቀለው ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ነው የሚመለሰው። በማግስቱ ስገባ ፒ ግማሹን «የሞተ ነው» ብለው ለብቻ ለይተውታል። እኔም ስምንቱ ቆራጮች በተቀመጡበት ድምፄን ከፍ አድርጌ «ፒ፣ ፒት!» አልኩ። ፒት በታይኛ ስሕተት ማለት ነው። ማለስለሻ ቃል ገና አልተማርኩም ነበር፤ ብማርም ያን ዕለት የምጠቀምበት አይመስለኝም።

ዲስኮቹ መዞራቸውን አላቆሙም፣ ጭንቅላት ግን ሁሉ አቀረቀረ። ፒ ፈገግ አሉ። እኔ ሞኙ ፈገግታውን እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ የምጠይቀው ሁሉ «ነገ» ሆነ። የተቆጣኝ የለም። ድንጋይ ስጠይቅ ሚዛኑ ሥራ ላይ ነው፣ ሚዛኑ ሲገኝ ቁልፍ ያዡ ወጥቷል። ለምሳ የሚጠራኝም ጠፋ። በመጨረሻ የሒሳብ ክፍሏ ፒ መንገድ ዳር የፓፓያ ሰላጣ ጋብዛኝ ነገረችኝ። «ያልከው ትክክል ነው፣ እሳቸውም በዚያው ቀን አውቀውታል። ግን በሥራቸው ባሉት ቆራጮች ፊት ነው ያልከው።» ከዚያ «ክሬንግ ጃይ» የሚል ቃል ልታስረዳኝ ደከመች። ሰው እንዳይከብደው፣ እንዳያፍር ብሎ የራስን መያዝ… አቋረጥኳት። ይሉኝታ ነዋ! ለእኔ ነው እንዴ ይሉኝታ የሚተረጎምልኝ? አባቴ ታላቅ ወንድሙ ሲገባ ከወንበሩ የሚነሣ ሰው ነው። የእኔ ነገር፣ ቦሌ ላይ ይሉኝታዬን ከሻንጣ ትርፍ ኪሎ ጋር ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። በዚያ ላይ «የተማረ ይግደለኝ» እየተባለ ያደገ ሰው፣ አራተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ሊበልጠው እንደሚችል ቶሎ አይገባውም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሁሉም ሲወጡ አንድ ደረቅና አንድ የራሰ ኦፓል ይዤ ሄድኩ። «ፒ፣ ይኼ ለምን እንዲህ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱን እኔም እሳቸውም እናውቀዋለን። ዝም ብለው አዩት፣ መዘኑት፣ መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። በየማለዳው እየመዘኑ ወረቀት ላይ ይጽፉ ነበር። ከሳምንት በኋላ ጠሩኝና የኦፓሉን ሥራ እንዳለ ለውጠውት አገኘሁ፦ ዳግም ውኃ ውስጥ የሚዘፈዘፍ የለም፣ የድንጋዩ ፊት የሚመረጠው ሲደርቅ ነው። ሲቆረጥ ድንጋዩ በሚያዝበት እንጨት ጫፍ ላይ በጋለ ሰም ማጣበቁንም ትተው በቀዝቃዛ ሙጫ አድርገውታል፣ ድንጋዩ በሙቀት እንዳይሰነጠቅ። የሰሙን ነገር እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ሥርዓቱን ለማወደስ ግን አልጻፍኩም። ከቆራጮቹ አንዷ የ26 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እጇ ከሁሉም የቀለለ፣ ከፒ ቀጥሎ ማንም የማይደርስባት። ምክትል ሲመረጥ ግን ቦታው ከእሷ በፊት ለተቀጠረ፣ እጁም ለከበደ ሰው ተሰጠ። ማንም አልተከራከረም። እሷም ዋይ ብላ እንኳን ደስ ያለህ አለችው፣ ከሁለት ወር በኋላ ቻንታቡሪ ሌላ ቤት ገባች። ፒ ሲያዝኑ አይቻለሁ፣ ሲናገሩ ግን አልሰማሁም።

ሚያዝያ ላይ በሶንግክራን በዓል ታናናሾች በታላላቆች እጅ ላይ ጃስሚን አበባ የገባበት ውኃ እያፈሰሱ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ይመረቃሉ። ተራዬ ሲደርስ «ላጠፋሁት» አልኩ። ፒ እርጥብ እጃቸውን አናቴ ላይ አሳርፈው «ደረቅ ነህ ወይስ የራስክ?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አሁን አምስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ክረምት የተቀጠረ የ23 ዓመት ልጅ እኔን «ፒ» ይለኛል። በቅርቡ 212 ካራት ብዬ የላክሁት ኦፓል ደንበኛው ጋ ሲመዘን ጎደለ። ለካ ታጥቦ በደንብ ሳይደርቅ መዝኜ፣ ውኃውን በካራት ሸጬለታለሁ! እኔው! የዚያን ቀን አጠገቤ ቆሞ ከረጢቱን ሲያቀብለኝ የነበረው ያ ልጅ ነው። ጠርቼ «አላየህም ነበር?» አልኩት።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። «ክሬንግ ጃይ ነዋ፣ ፒ።»