ፕሬዚዳንቱና ሊቀመንበሩ፦ የሙስጠፋ ከማልን ታሪክ ስጽፍ የሠራሁት ስህተት

ስለ ባንግላዴሹ ፖለቲከኛ፣ ነጋዴና የክሪኬት አስተዳዳሪ ሙስጠፋ ከማል ለአንድ የአማርኛ መጽሔት ስጽፍ «እዚህ ላይ ተጠንቀቅ» የሚለኝ ሰው አላገኘሁም። ይህን የምጽፈው ለሚቀጥለው ሰው ነው።

አብዛኛው ሥራ ቀላል ነበር። ከማል የሂሳብ ባለሙያ ናቸው፤ በንግድ ከበሩ፤ ከኩሚላ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ፤ ከ2009 እስከ 2012 የአገራቸውን የክሪኬት ቦርድ መሩ፤ በ2014 የዕቅድ፣ በ2019 ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን በሁለት ምሽት ጨረስሁት።

የወደቅሁት በአንድ ቃል ነው። በ2014 ከማል የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ሊቀመንበር የሚባል አዲስ ሹመትም ተፈጠረ። እሱን የያዙት የሕንዱ የሲሚንቶ ነጋዴ ኤን. ስሪኒቫሳን ነበሩ። ሥልጣኑ ወደ ሊቀመንበሩ ሄዶ ለፕሬዚዳንቱ ክብሩ ብቻ ቀረ። የመጽሔቱ መመሪያ ግን «የስፖርት ድርጅት የበላይ ፕሬዚዳንት ይባል» ስለሚል ሁለቱንም ፕሬዚዳንት ብዬ ጻፍሁ። በአገሬ ርዕሰ ብሔሩ ፕሬዚዳንት፣ ሥልጣኑ ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩ መሆኑን እያወቅሁ! ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጉዳቱ ይህ ነው። ማርች 19 ቀን 2015 ሜልቦርን ላይ ሕንድና ባንግላዴሽ በዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ተገናኙ። የሕንዱ ሮሂት ሻርማ 90 ነጥብ ላይ ሳለ ሩቤል ሆሴን የወረወረለትን ኳስ መትቶ ተቀለበበት። መውጣት ነበረበት፤ ዳኞቹ ግን ኳሱ ከወገብ በላይ ነው ብለው ውርወራውን ሻሩት። ሻርማ 137 አደረሰ፣ ሕንድም በ109 ነጥብ ልዩነት አሸነፈች። ከማል ዳኝነቱን በአደባባይ ነቀፉ፤ የተናገርሁት እንደ ደጋፊ ነው አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም፤ የዓለሙን ክሪኬት ወንበር የያዘ ሰው እንደ ደጋፊ ሊናገር አይችልም። ከአሥር ቀን በኋላ ግን እሳቸው ተበደሉ። የፍጻሜውን ዋንጫ ለአውስትራሊያው አምበል ማይክል ክላርክ ያስረከቡት ስሪኒቫሳን ነበሩ። ከማል ደንቡ ይህን መብት ለፕሬዚዳንቱ ይሰጣል ብለው ተቆጡ፤ ኤፕሪል 1 ቀን ሥራቸውን ለቀቁ።

በእኔ ጽሑፍ ላይ የታተመው ደግሞ «ፕሬዚዳንቱ ዋንጫውን ለአምበሉ አስረከቡ» የሚል ነው።

ዱባይ በምሠራበት መጋዘን አንድ የባንግላዴሽ ተወላጅ ባልደረባ አለኝ። መጽሔቱ ሲደርሰኝ በኩራት እየተረጎምሁ አነበብሁለት። እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ሰውየው የለቀቁት እኮ ዋንጫውን ስላልሰጡ ነው» አለኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

በማግሥቱ አዲስ አበባ ደውዬ ማረሚያ እንዲወጣልኝ ለመንሁ። አዘጋጁ «ወንድሜ፣ ክሪኬት የሚያውቅ አንባቢ ስንት አለን?» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ለአንድ ቃል ማረሚያ አይወጣም አለ፤ በሦስተኛው ስልኩን አላነሳም። አንባቢ አያውቅም ተብሎ ውሸት ይተውለታል? የማያውቅ አንባቢ የሚያምነው እኛን ነው!

ስለዚህ የዝግጅት ክፍል መመሪያ ምንም ቢል፣ የድርጅቱን መተዳደሪያ ደንብ ሳታነቡ ማዕረግ አትተርጉሙ። ማን ስብሰባ ይመራል፣ ማን ዋንጫ ይሰጣል ብላችሁ ጠይቁ። ሹመቱ እስከ መቼ እንደኖረም እዩ፤ ያ የፕሬዚዳንት ወንበር በ2016 ጨርሶ ተሰርዟል። ጽሑፉንም ከመታተሙ በፊት ለአገሩ ሰው አንብቡለት። እኔ ከታተመ በኋላ አነበብሁ።

ማረሚያው እስከ ዛሬ አልወጣም። በእጄ ባሉት ሁለት ቅጂዎች ላይ «ፕሬዚዳንቱ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዤ «ሊቀመንበሩ ስሪኒቫሳን» ብዬ ጻፍሁ፤ አንዱን ለባልደረባዬ ሰጠሁት።