ቴምብር በሌለው ወረቀት፦ የሳንታ ፌ ጉዞዬ

አውቶቡሱ ከዴንቨር የተነሣው ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ ያለ ማዳመጫ ቪዲዮ ያያል። ማሞቂያው እግሬን ይጠብሰዋል፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርድ ደግሞ ትከሻዬን ያደርቀዋል። አገር ቤት ቢሆን አንዲት እናት ዞር ብላ "የኔ ልጅ፣ እስቲ ቀንሰው" ትለውና ነገሩ ያበቃ ነበር። እዚህ ሰው ሁሉ ችሎ ዝም ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ኖሬም ይሄ ዝምታ አልተዋጠልኝም።

አልበከርኪ ሲነጋጋ ደረስን። ከዚያ ወደ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ዋና ከተማ፣ ወደ ሳንታ ፌ፣ በባቡር ነው። ሬይል ራነር ይባላል። በሩ ሊዘጋ ሲል እንደ ካርቱኗ ወፍ "ሚፕ ሚፕ" ይላል። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሕፃናት በየጣቢያው በሳቅ ይፈርሳሉ። የሌሊቱ ንዴት እዚያ ለቀቀኝ።

የሄድኩት ወረቀት ለማየት ነው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት የሰሜን ኒው ሜክሲኮ ልጅ አለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ "አጎቴ ቤት አንድ ሳጥን ሙሉ የድሮ የስፓኒሽ ወረቀት አለ፤ የሚያነበው ሰው ግን የለም" አለችኝ። በዚያው ሰሞን እናቴ የአያቴን የመሬት ግብር ደረሰኞች ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ልካልኝ ነበር። አባቴ እንዳይቀደዱ ብሎ ድሮ በፕላስተር ለጣጥፏቸዋል። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍም አይነበብም። የዚያችን ልጅ አጎት ሳጥን ሳስብ የኛ ቤት ሳጥን ይመጣብኝ ጀመር። አራት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

ሳንታ ፌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከባቡር ስወርድ የጠዋቱ ብርድና የፀሐዩ ድምቀት አዲስ አበባን አስታወሰኝ። ቤቱ ሁሉ የጭቃ ቀለም አለው። አንዳንዱ እውነተኛ የጭቃ ጡብ ነው፤ አንዳንዱ ሲሚንቶ ሆኖ ጭቃ እንዲመስል የተቀባ ነው። እኛ ጭቃ ቤትን የድህነት ምልክት አድርገን ለማፍረስ እንቸኩላለን። እዚህ የጭቃ ቤት የሚገዛው ሀብታም ነው።

ያረፍኩበት ሞቴል ኢንተርኔት ላይ 89 ዶላር ይላል። ስደርስ 121 ሆነ። "የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ መዋኛውን ይጨምራል" አሉኝ። መዋኛው በሸራ ተሸፍኗል። ተከራከርኩ፣ አልሆነም፣ ከፈልኩ። ዶላሩን ሳይሆን ዓይን ዓይኔን እያዩ ያንን ማለታቸውን ነው እስካሁን የማልረሳው።

የመጀመሪያውን ቀን በከተማው ዞርኩ። ከተማዋን ስፔኖች የመሠረቷት በ1610 ገደማ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የገዥዎቹ ቤተ መንግሥት ዛሬም አደባባዩ ላይ አለ። ረጅም፣ ዝቅ ያለ የጭቃ ቤት ነው። በረንዳው ሥር የፑዌብሎ ሰዎች፣ ከስፔኖቹ በፊት የነበሩት ያገሩ ተወላጆች፣ ጨርቅ ዘርግተው የብር ጌጥ ይሸጣሉ። ለእህቴ ቀለበት በ40 ዶላር ገዛሁ። የሸጠችልኝ ሴትዮ ማን እንደሠራው፣ ድንጋዩ ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚጸዳ ሳልጠይቃት አንድ በአንድ ነገረችኝ።

በነሐሴ 1680 የነዚህ ሰዎች አያቶች ፖፔ በሚባል መሪ ሥር ሆነው ተነሡ። ስፔኖቹን እስከ ኤል ፓሶ አባረሯቸው። 12 ዓመት አገሩ የራሳቸው ሆነ። ያን ጊዜ በከተማው የነበረው መዝገብ ተቃጠለ። ዛሬ ከ1680 በፊት ስላለው ዘመን የሚታወቀው በአብዛኛው ወደ ሜክሲኮ ሲቲና ወደ ስፔን ከተላኩ ጽሑፎች ነው። ወረቀት ሲቃጠል ያመኛል። ግን በነሱ አልፈርድም። ለነሱ ያ ወረቀት የግብርም የግርፋትም መዝገብ ነበር።

የምፈርደው በሌላው ነው። ስፔኖች ከተመለሱ በኋላ የተጻፈው መዝገብ በ1821 ወደ ሜክሲኮ፣ በ1846 ደግሞ ወደ አሜሪካ እጅ ገባ። ከዚያ በ1870 ዊልያም ፓይል የሚባል አሜሪካዊ ገዥ ባለበት ጊዜ ከመዝገቡ ብዙው እንደ ቆሻሻ ወረቀት ተሸጠ። ቦታ ያጣበበ ወረቀት ነው ተብሎ! ባለሱቆች ዕቃ ጠቀለሉበት። ሕዝቡ ጮኸ፤ ከፊሉ ተለቅሞ ተመለሰ። የቀረው ቀረ። ይህን ሳነብ ልጅ ሆኜ ከሰፈር ሱቅ ስኳር የሚጠቀለልልኝ የደብተር ቅጠል ትዝ አለኝ። የሰው የእጅ ጽሑፍ ላይ እየላስኩ ነው ያደግሁት። ኒው ሜክሲኮ ማተሚያ ማሽን ያየችው በ1834 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ በእጅ ነው። አንዱ ቅጠል ከጠፋ ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል።

የተረፈው በ1903 ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተወሰደ። ሳንታ ፌ የተመለሰው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1923 ነው።

በማግስቱ ሽማግሌው፣ የባልደረባዬ አጎት፣ በፒክአፕ መኪናቸው መጡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በቀበቶ አስረውታል፣ ልክ እንደ ሕፃን። "ቡና ጠጥተሃል፣ ሚሆ?" አሉኝ። ሚሆ ማለት "ልጄ" ማለት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔም በልቤ ጋሼ እያልኩ ነበር።

ሳጥኑን የወሰድንበት ቤተ መዛግብት ከመሀል ከተማ ትንሽ ወጣ ይላል። ቦርሳ ውጭ ይቀራል። እስክሪብቶ አይገባም፤ እርሳስ ብቻ። ጓንት ይሰጡኛል ብዬ ነበር፣ "እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ" ተባልን። ጓንት ያደረገ ጣት የወረቀቱ ጫፍ አይሰማውም፤ ይቀድደዋል።

የመዛግብት ባለሙያዋ የጋሼን ሳጥን ራሷ አልከፈተችም። "እርስዎ ይክፈቱት፣ የእርስዎ ነው" አለቻቸው። ይህ አነጋገሯ ደስ አለኝ። ከላይ የጥምቀት ምስክር ወረቀቶች ነበሩ። ከሥር የዛገ ስፒል የያዛቸው ደብዳቤዎች። ከዚያ አንድ የመሬት ሽያጭ ውል። ውሉን ብርሃን ባለው ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ትንፋሼን ያዝኩ። ፊደሎቹ ቡናማ ናቸው፤ በየዙሪያቸው እንደ ሻይ እድፍ ያለ ክብ አለ። ቀለሙ በደመቀበት ቦታ ግን ፊደል የለም። የፊደሉ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ነው ያለው። ብርሃኑ በፊደሎቹ በኩል ይወጣል።

ቀለሙ ነው የበላው። ያ ቀለም የሚሠራው ነፍሳት የወጉት የኦክ ዛፍ ከሚያወጣው እባጭና ከብረት ጨው ሲሆን፣ እንዲይዝ ሙጫ ይገባበታል። አሲድ አለው፤ ብረቱ ደግሞ ወረቀቱን ቀስ እያለ ያነድደዋል። እርጥበት ሲያገኝ ይብሳል። ያ አካባቢ ደረቅ መሆኑ ነው ብዙውን ያተረፈው። "የኛ አገር ቀለም ከጥላሸት ነው የሚሠራው፣ ብራናውን አይበላም" ስላት ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች። የደብተራውን ቀንድና የመቃ ብዕር፣ ቀለሙ ስንት ወር እንደሚታሽ፣ የማውቀውን ሁሉ አወራኋት። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ቅጂያቸው እንዳለ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ሰጥተው እንደመዘገቧቸው ጨመርኩላት። ቦታውን ታውቀዋለች። እጄን ጨበጠችኝ።

ቀዳዳ የሆነውን በጃፓን ስስ ወረቀት ከኋላ ይደግፉታል። ማጣበቂያው ውኃ ከበዛበት ብረቱን ወደ ጤነኛው ወረቀት ያዛምተዋል፤ ስለዚህ ስሱ ወረቀት ቀድሞ ተቀብቶ ይደርቅና በትንሹ ብቻ ይረጥባል። ለቤት የሰጠችን ምክር ግን ቀላል ነው። የዛገውን ስፒል በጥንቃቄ አውጡ። ፕላስተር አትለጥፉ፣ የተለጠፈውንም ራሳችሁ አትላጡ። ላሚኔት አታስደርጉ። አሲድ የሌለው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። መጀመሪያ ፎቶ አንሡ።

ከዚያ ውሉን ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆም ብላ ፈገግ አለች። ጸሐፊው፣ ቴምብር ያለው የመንግሥት ወረቀት በዚህ አገር ስለማይገኝ በተራ ወረቀት መጻፉን ይናገራል። በዚያ ዘመን ሕጋዊ ጽሑፍ ሁሉ ማኅተም ባለው ወረቀት እንዲጻፍ የስፔን ንጉሥ አዝዟል። ከሜክሲኮ ሲቲ ወራት በሚፈጅ መንገድ ላይ ያለች ሳንታ ፌ ግን ያ ወረቀት አይደርሳትም። ስለዚህ በየውሉ ይህንኑ ይጽፋሉ። እኔም ቀበሌ ውስጥ "ቴምብር አልቋል፣ ነገ ና" የተባልኩበትን ቀን አስታወስኩ።

በስክሪን ሌላ የመሬት ርክክብ መዝገብ አሳየችን። መሬት የተሰጣቸው ሰዎች ሣር ነጭተው፣ ድንጋይ ወርውረው፣ "ንጉሣችን ይኑር" ብለው ጮኸው ይረከቡ ነበር። ጋሼ ፊደሉን ማንበብ አይችሉም፤ የተጠላለፈ ነው፣ ግማሹ ቃል አጥሮ ነው የተጻፈው። እሷ ጮክ ብላ ስታነብ ግን ቀና አሉ። "ትሩሄ" አለች፣ "አመጣሁ" ማለት ነው። ዛሬ ሌላው ስፓኒሽ ተናጋሪ "ትራሄ" ነው የሚለው። "እኛ እንደዚህ ነው የምንለው!" አሉ ጋሼ። "ትምህርት ቤት ስህተት ነው እያሉ ያርሙን ነበር።" ደጋግመው አሉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈራቸው ወጣን፤ መንገዱን አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ላስ ትራምፓስ ላይ ቀሰቀሱኝ። የሳን ሆሴ ቤተ ክርስቲያን ከ1700ዎቹ የቀረ የጭቃ ሕንፃ ነው። ግድግዳውን የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ጭቃ ይመርገዋል። "እኛም ምርጊት አለን" አልኳቸው። ጭቃው ውስጥ ጭድ እንደሚገባ ስነግራቸው "ታዲያ ሌላ ምን ሊገባ ነው?" አሉኝ።

በመንገድ ላይ ጋራውን እያሳዩ የነገሩኝ ነገር አለ። ያ ጫካ የጋራ መሬት ነበር፤ ሰው ሁሉ እንጨት የሚለቅምበትና ከብት የሚያሰማራበት። አሜሪካ ከገባች በኋላ መሬቱ የኔ ነው የሚል ሁሉ በወረቀት እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ። በ1891 ለዚሁ የተቋቋመው ፍርድ ቤት 35 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ጥያቄ ቀርቦለት ያጸደቀው 2 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ወረቀቱ ለስኳር መጠቅለያ ከተሸጠ ምን ይዞ ይከራከራል? ጋሼ ይህን ሲናገሩ መኪናውን አቁመው ነበር። እኔም የአያቴን ደረሰኞች እያሰብኩ መልስ አጣሁ።

ቤታቸው ባቄላና አረንጓዴ ቃሪያ ወጥ ቀረበ። ቃሪያው ያቃጥላል፤ እናቴ ብትቀምሰው ትወደው ነበር። ባለቤታቸው "ብላ፣ ብላ" እያሉ ደጋግመው ጨመሩልኝ። ጉርሻ ብቻ ነው የቀረው። የእንጀራውን ነገር ስነግራቸው ጤፍ በፖስታ እንድልክላቸው አስማሉኝ።

ከእራት በኋላ ጋሼ ሳጥኑ ውስጥ ያላስገቡትን አንድ ደብተር ከመኝታ ቤት አመጡ። ቤተ መዛግብት ይዘውት ሊሄዱ አልፈለጉም። የአያታቸው የመዝሙር ደብተር ነው። በነዚህ መንደሮች ካህን በጠፋበት ዘመን ምዕመናኑ ራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። የሞተ ይቀብራሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ በዐቢይ ጾም አላባዶ የሚባለውን የሕማማት መዝሙር ይዘምራሉ። እድርም ማኅበርም በአንድ ላይ ማለት ነው። መዝሙሩን እያንዳንዱ በእጁ ከሌላው ይገለብጥ ነበር። ደብተሩ መሀል ላይ ተቀድዶ በፕላስተር ተለጥፏል። እንደ አባቴ ፕላስተር ቢጫ ነው።

"ድምፅ ልቅረጽ?" አልኳቸው። ባለቤታቸውን አዩ፣ ከዚያ "እሺ" አሉ። ቆመው ጀመሩ። ያለ መሣሪያ፣ በጣም ቀስ ያለ፣ ቃሉን እየጎተቱ። ስቅለት ዕለት እንደምሰማው ዓይነት ዜማ ነው። ፕላስተሩ ጋ ሲደርሱ ጽሑፉ የለም። እሳቸው ግን አላቆሙም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያንን መስመር በቃላቸው አሉትና ቀጠሉ።

ሲጨርሱ እርሳስ ጠየቁኝ። ከኔ ማስታወሻ አንድ ቅጠል ቀደድኩላቸው። ፕላስተሩ የሸፈነውን መስመር ጻፉበት፣ ደብተሩን ሳይነኩ አጠገቡ አስቀመጡት። ከዚያ ደብተሩ ውስጥ "ትሩሄ" የሚለው ቃል ጋ ተመልሰው በጣታቸው እያሳዩኝ እንዳነብ አደረጉኝ።