ከአማካይ ስፍራ ወደ አሰልጣኝነት፦ በሐዋሳ ያለፍኩበት መንገድ

ወጣት ተጫዋቾች ጫማ ከሰቀልኩ በኋላ ወደ አሰልጣኝነት እንዴት እንደገባሁ ይጠይቁኛል። እኔ ግን ወደ ሥራው የገባሁት ጫማ ከመስቀሌ በፊት ነው። በሐዋሳ በአማካይ ስፍራ እየተጫወትኩ ሳለ፣ ጠዋት ከክለቤ ጋር ልምምድ ሠርቼ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን የታዳጊ ሴቶች ፕሮጀክት ውስጥ በምክትልነት አገለግል ነበር። የሚከፈለኝ ከትራንስፖርት ባያልፍም፣ የመጨረሻው ኮንትራቴ ሲያበቃ ሥራ የሚፈልግ ሰው ሳልሆን ሥራ ላይ ያለ ሰው ሆኜ የተገኘሁት በዚያ ምክንያት ነው። ለተተኪዎቼ ከምነግራቸው ሁሉ ይህንን አስቀድማለሁ።

ከተማችን ለሴቶች እግር ኳስ እንግዳ አይደለችም። የዱራሜዋ ሎዛ አበራ ወደ ደደቢት ክለብ፣ በኋላም ወደ ስዊድንና ማልታ ከመሻገሯ በፊት የተጫወተችው ለሐዋሳ ከተማ ነበር። እንግዲህ ተጫዋች መሆን ለምትፈልግ ልጅ የምታየው ምሳሌ አለ። አሰልጣኝ መሆን ለምትፈልግ ግን ምሳሌው እጅግ ያንሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ ከተሳተፉት 32 ቡድኖች ውስጥ እንኳ በሴት ዋና አሰልጣኝ የተመሩት 12 ብቻ ነበሩ። እኔን ያበረታታችኝ ደቡብ አፍሪካዊቷ ዴዚሬ ኤሊስ ናት። የአገሯ ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረች ተጫዋች፣ ያንኑ ቡድን አሰልጥና በ2022 አስተናጋጇን ሞሮኮን 2 ለ 1 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ሳይ፣ የጀመርኩት መንገድ መድረሻ እንዳለው አመንኩ።

በሥራው ውስጥ እጅግ የከበደኝ እግሬ የሚያውቀውን ነገር ለሌላ ሰው ማስተማር ነበር። ስጫወት ኳስ ወደ እኔ ከመድረሷ በፊት አንገቴን ወደ ትከሻዬ ዞር አድርጌ ከኋላዬ ማን እንዳለ አያለሁ፤ መቼና ከማን እንደተማርኩት ግን መናገር አልችልም። ታዳጊዎቹን ደግሞ ከሜዳው ዳር ቆሞ «ዙሪያሽን እዪ!» ብሎ መጮህ የሚጨምርላቸው ነገር የለም፤ ልጅቷ የምታየው ኳሷን ነው፣ ኳሷን ካላየች ደግሞ እንደምታመልጣት ትፈራለች። ስለዚህ መመልከቱን ራሱን ሥራ አደረግሁት። ልጅቷ መሐል ትቆማለች፤ ከፊቷ ያለችው ጓደኛዋ ኳስ ልታቀብላት ስትዘጋጅ፣ እኔ ከኋላዋ ጥቂት ሜትሮች ርቄ ቀይ ወይም ቢጫ የልምምድ ሰደሪያ ከፍ አደርጋለሁ። ኳሷ ከአቀባይዋ እግር ስትለቅ ልጅቷ ቀለሙን ጮክ ብላ መጥራት አለባት። ቀይ ከሆነ ተጋጣሚ ጀርባዋ ላይ አለ ማለት ነውና በአንድ ንክኪ ትመልሳለች፤ ቢጫ ከሆነ ሜዳው ክፍት ነውና ዞራ ወደፊት ትነዳለች። በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ቀለሙን ሲጠሩ ኳሷ በእግራቸው ሥር ታልፋለች። ቆይቶ ግን አንገታቸው ሳይታዘዝ መዞር ይጀምራል፤ ያኔ ሰደሪያውን ትቼ በቦታው እውነተኛ ተከላካይ አቆማለሁ። ጥሩ ተጫዋች የነበረች ሁሉ ጥሩ አሰልጣኝ እንደማትሆን የተረዳሁት በዚህ ሥራ ነው፤ በተፈጥሮ የሚመጣላትን ነገር ከፋፍላ ማሳየት ያልቻለች፣ ልጆቹ ለምን እንደማይሆንላቸው ሊገባት አይችልም።

ወረቀቱም አስፈላጊ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሚሰጠው የአሰልጣኝነት ፈቃድ ወይም ላይሰንስ በየደረጃው የሚወጣ ነው፤ ከሲ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ኤ እየተባለ ይኬዳል፣ አንዱን ሳይዙ ወደ ቀጣዩ መዝለል አይቻልም። ተጫዋች ሳለሁ የምጽፈው ደብተር በስልጠናው ወቅት በእጅጉ ጠቅሞኛል። በደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ምን እንደሠራን፣ የትኛው ልምምድ ምን ለማስተማር እንደታሰበና ተጫዋቾቹ የት ላይ እንደሰለቹ እመዘግብ ነበር። አንድ ልምምድ ዓላማ፣ የሜዳ ስፋት፣ የተጫዋች ቁጥርና ቆይታ ተጽፎለት ካልታቀደ ሩጫ ብቻ እንደሆነ ያስተማረኝም ያ ደብተር ነው።

የሴቶችን አካል በሚመለከት ዝምታ አይገባም። የፊተኛው የጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ተጫዋቾችን ደጋግሞ የሚያጠቃ ጉዳት ነው፤ በአገራችን ደግሞ ቀዶ ሕክምናውና ማገገሚያው በቀላሉ ስለማይገኝ ብዙ ልጆች በዚሁ ከሜዳ ይቀራሉ። ስለዚህ ፊፋ 11+ የተባለውን ማሟሟቂያ በልምምድ ቀን ሁሉ እናሠራለን። በ3 ክፍል የተደራጁ 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት ሲሆን የሚፈጀውም 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ የሚጠይቀው ጥቂት ኮንና ትዕግሥት ብቻ ነው። ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ አንድ በአንድ እያየሁ አርማለሁ። በሕክምና ቦርሳችን ውስጥ ከፋሻና ከበረዶ ጋር ሞዴስ ሁልጊዜ አለ። ነጭ ቁምጣም አናስለብስም፤ የእንግሊዝ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን እንኳ በ2023 ነጭ ቁምጣውን በሰማያዊ የቀየረው ተጫዋቾቹ በወር አበባ ጊዜ የሚሰማቸውን ስጋት ተናግረው ነው። አንዲት ልጅ ስለ ቁምጣዋ እያሰበች እንዴት በነፃነት ትሸራተታለች?

ታዳጊ ሴትን ማሰልጠን ከቤተሰቧ ጋር መሥራትም ነው። ከታቦር ተራራ ሥር ከሚኖር ቤተሰብ የመጣች አንዲት ግራ እግረኛ ተከላካይ ድንገት መቅረቷን ሳይ ወደ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ ቡና አፈሉ፤ አባቷ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ እኔ ኳሱን አልጠላሁም። ሲመሽ ይዟት የሚመጣው ማን ነው?» አሉኝ። ከዚያ በፊት የቤተሰብ ተቃውሞ ሲባል የምንሰማው ኳስ ለሴት አይሆንም የሚለውን ብቻ ስለነበር መልሱን ሌላ ቦታ እንፈልግ ነበር። እኔም «ጋሼ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ሜዳ ላይ ልጅ አይቆይም፤ የአንድ ሰፈር ልጆችም አብረው ይመለሳሉ» ብዬ ቃል ገባሁ። የልምምዱን ቀንና ሰዓት ጽፌ ከስልክ ቁጥሬ ጋር ሰጠኋቸው፤ ዛሬ ይህንኑ ወረቀት ለሁሉም ወላጅ እሰጣለሁ። በፈተና ሰሞን ልምምድ እንቀንሳለን፣ የትምህርት ውጤታቸውንም እጠይቃለሁ። ይህን የማደርገው ወላጆችን ለማስደሰት ብቻ አይደለም፤ አብዛኞቹ ልጆች ከኳስ ደመወዝ እንደማያገኙ ስለማውቅ ነው።

ወደ ክለብ ምክትልነት ስመለስ አብረውኝ የተጫወቱትን ማሰልጠን ይከብደኛል ብለው የሰጉ ነበሩ። ሥራው በሰዓቱ ከተጀመረ፣ ዕቅዱ ከተነገራቸውና አሰላለፍ ስናወጣ ምክንያቱን ለተቀያሪዋም ካስረዳናት፣ በስሜ ስትጠራኝ የነበረችው ሁሉ ሳትገደድ «ኮች» ማለት ትጀምራለች።

ኮንትራት ማንበብንም አስተምራለሁ። ፊፋ ከጥር 2021 ጀምሮ ለምትወልድ ተጫዋች ቢያንስ 14 ሳምንት ከክፍያ ጋር ፈቃድ እንዲሰጣት በደንቡ አስፍሯል፤ ከፊርማ በፊት ይህን የምታውቅ ተጫዋች ግን ጥቂት ናት።

በአሁኑ ወቅት ከታዳጊዎቹ ጋር የምትረዳኝ ገና በመጫወት ላይ ያለች የመሐል ተከላካይ ናት። ጠዋት ከክለቧ ጋር ትለማመዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ማሟሟቂያውን ትመራለች፣ ደብተሯንም ከእኔ በተሻለ ሥርዓት ትይዛለች። ቀጣዩ የሲ ላይሰንስ ስልጠና ሲከፈት ማመልከቻዋን አብረን እናስገባለን።