የጾም ሰሞን የልጆች እንቁላል ከፍሪዘር

ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል ቤቴ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዝግጅት አለ። አንደኛው የሁላችንም ቤት ነው። ሽሮው ይፈጫል፣ ምስሩ ይለቀማል፣ የፍስክ ድስትና መጥበሻ ጥርት ተደርጎ ታጥቦ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው የልጆቼ ነው። ትልቋ 6 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 4። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም፤ እኔም 55 ቀን ሙሉ ያለ እንቁላል እንዲከርሙ አልፈልግም። የሚያድግ ልጅ ጠዋት አንድ ደህና ነገር በልቶ ይውጣ ባይ ነኝ።

ጣጣው ያለው ጠዋት ላይ ነው። ሰርቪስ በሚጠብቀኝ ሰዓት የፍስክ መጥበሻ ማውረድ፣ እንቁላል መስበር፣ ቅቤ ማቅለጥ፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ከጾሙ ዕቃ ለይቶ ማጠብ። በየቀኑ አይሆንም። ስለዚህ በቅበላ ሰሞን በብዛት ሠርቼ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ። እኩለ ጾም ላይ፣ ደብረ ዘይት አካባቢ፣ እደግመዋለሁ። በቃ፣ መጥበሻው የሚወርደው ሁለት ጊዜ ነው። ጠዋት ለማሞቅ አንዲት ትንሽ ድስት ለልጆቹ ለይቼ ትቻለሁ።

"የበሰለ እንቁላል ደግሞ ፍሪዘር ይገባል እንዴ?" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ይገባል፣ ግን እንዴት እንደበሰለ ይወስነዋል። ፍርፍር ይገባል። ኦምሌት ይገባል። የተቀቀለ አስኳል ለብቻው ከሆነ ይገባል። የተቀቀለው ነጩ ክፍል ግን በፍጹም አይገባም። የዶሮ ወጥ እንቁላልም ያው የተቀቀለ ነውና አይገባም።

ይህን ታች ፎቅ ያሉት እትዬ ቤት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልጃቸው ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው፤ ለገና መምጣት አልቻለም። እሳቸውም የገናውን ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጡለት። ለጥምቀት መጣ። ወጡ ሲሞቅ እትዬ በሩ ድረስ መጥተው "ልጄ፣ እስቲ ነይ እይልኝ፣ ይሄን እንቁላል ምን ነካው?" አሉኝ። ወረድኩ። አንዱን እንቁላል በቢላ ለሁለት ከፈልኩት። ከላይ ያው የምናውቀው ነው፤ ቀይ፣ በርበሬው ገባ ያለ። ውስጡ ግን ነጩ በቀጫጭኑ ተሰነጣጥቋል። በስንጥቆቹ መካከል ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ጫን ስለው ውሃ አወጣ። ቀመስኩት፤ ጥርስ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይቆረጥም። አስኳሉ ግን ልክ እንደ ወትሮው ነው። ዶሮውም ምንም አልሆነም። ወጡ ብቻ ቀጠን ብሏል፤ ያም ከእንቁላሉ የወጣው ውሃ ነው።

"ታዲያ ነጩ ብቻ ለምን?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነው። የእንቁላል ነጭ ከ100 እጅ 88 ያህሉ ውሃ ነው። ሲበስል ፕሮቲኑ ይረጋና ያንን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቀመጣል። የቤት ፍሪዘር ደግሞ የሚያቀዘቅዘው በዝግታ ነው። በዝግታ የሚሠራ በረዶ ትልልቅ ይሆናል፤ ትልልቁ በረዶ ያንን የረጋ ፕሮቲን ይቀደዋል። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ተመልሶ የሚገባበት ቦታ የለም። ይወጣል፣ የቀረው ፕሮቲን ይጠነክራል። አስኳል ውሃው ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ብዙ ስብም አለው። ለዚህ ነው የሚችለው። እትዬ ሰምተውኝ ሲያበቁ "ለፋሲካ እንቁላሉን ለብቻ ነዋ!" አሉ። አዎ፣ ለብቻ።

ዶሮ ወጥ ተርፎ ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። እንቁላሎቹን በጭልፋ አውጡና በዚያው ሰሞን ይበሉ፤ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያሉ። ወጡንና ብልቶቹን ክዳን ባለው ዕቃ ወደ ፍሪዘር። ቁሌቱ በደንብ ስለሚበስል፣ ቅቤውም ላዩ ላይ ስለሚረጋ፣ ዶሮ ወጥ በረዶን ከሚችሉ ወጦች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ፍርፍር ልመለስ። በአንድ መጥበሻ 12 እንቁላል እሠራለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መጥበሻው ላይ እኩል አይበስልም። ለዚህ ሥራ የፈረንጅ እንቁላል እገዛለሁ። መጠኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጨውና ወተት ለመለካት ይመቻል። የሐበሻው እንቁላል ጣዕሙ ይበልጣል፤ እሱን ግን ትኩሱን መብላት ነው፣ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ያሳዝናል። እያንዳንዱን እንቁላል መጀመሪያ ሲኒ ውስጥ እሰብራለሁ። የሱቅ እንቁላል ስንት ቀን እንደቆየ አይታወቅም፤ አንድ የተበላሸ 11ዱን ይዞ ይሄዳል።

ሽንኩርቱ በደቃቁ ይከተፋል። በንጥር ቅቤ፣ በትንሽ እሳት፣ ውሃው እስኪመጥና ወርቃማ እስኪሆን ይቁላላ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጥሬነት ያለው ሽንኩርት ሲቀልጥ ውሃውን ይለቃል፤ ሽታውም ፍሪዘር ውስጥ ይበረታል። ቲማቲም አላስገባም። እንቁላል ስልስ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ስልሱን በዚያው ጠዋት ሥሩት። ቃሪያም በረዶ ሲነካው ይልፈሰፈሳል፤ ልጆቼም አይበሉትምና ይቅር።

12ቱን እንቁላል ስመታ 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት እጨምራለሁ። ወተቱ ውስጥ አስቀድሜ 1 የሻይ ማንኪያ ኮርን ስታርች አሟሟለሁ። ስታርቹ ውሃውን ይዞ ያቆየዋል፤ ፍርፍሩ ሲቀልጥ ሳህኑ ላይ ውሃ አይቋጥርም። ከሁሉም በላይ ልዩነት ያመጣልኝ እሱ ነው። ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ይህን ልክ ጽፌ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ምክንያቱም የቅበላውን ስሠራ እቀምሳለሁ፣ የደብረ ዘይቱን ስሠራ ግን ጾም ላይ ነኝ፣ አልቀምስም። በልክ ብቻ ነው የምሠራው።

እሳቱ ዝቅ ይበል። በእንጨት ማንኪያ ከዳር ወደ መሀል ቀስ ብላችሁ ሰብስቡት። ጥሬ ፈሳሽ ሳይቀርበት፣ ግን ገና ወዝ እያለው አውርዱት። በደንብ ደርቆ የገባ እንቁላል ጠዋት ሲሞቅ ሁለተኛ ይደርቃል፤ እሱን ልጅ አይበላውም።

ከዚያ ማቀዝቀዝ ነው። ድስት ውስጥ ክምር ብሎ የተቀመጠ እንቁላል መሀሉ ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ባክቴሪያ የሚወደው ይህን ነው። ሰፊ ትሪ ላይ ሳሳ አድርጌ እዘረጋዋለሁ። እንፋሎቱ ሲያልቅና ሲቀዘቅዝ ወዲያው ወደ ላስቲክ። ከእሳት ከወረደ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ።

ላስቲኩ ዚፕ ያለው ወፈር ያለ ይሁን። ስስ ፌስታል አየር ያስገባል፤ እንቁላሉ ይደርቃል፣ የሥጋና የበርበሬ ሽታም ይጠጣል። በአንድ ላስቲክ የሁለቱን ልጆች የአንድ ጠዋት አስገባለሁ፤ ከሦስት እንቁላል የሚሆን። በመዳፌ ተጭኜ አየሩን አወጣና በጣት ውፍረት ጠፍጣፋ አደርገዋለሁ። ጠፍጣፋ ሲሆን ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይቀልጣል፣ ቦታም አይፈጅም። ላዩ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ሁሉንም "የፍስክ" የሚል የተጻፈበት አንድ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ እደረድራለሁ፤ የጾሙ ምግብ ጋ አይነካካም።

ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መያዝ አለበት። በዚህ ሁኔታ እስከ 2 ወር ድረስ ጣዕሙ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ባይበላሽም ይደርቃል፣ መዓዛውም ይጠፋል። ሁለት ዙር የምሠራው ለዚህ ጭምር ነው።

ማታ ከመተኛቴ በፊት የነገውን ላስቲክ ወደ ፍሪጁ አወርዳለሁ። ጠዋት ትንሿ ድስት ላይ፣ አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጌ፣ በክዳን ዘግቼ አሞቃለሁ። መሀሉም ጭምር እስኪያጤስ ድረስ። ቴርሞሜትር ያላችሁ 74 ዲግሪ ይድረስ። ማይክሮዌቭ ከሆነ በመካከለኛ ኃይል፣ እየከፈታችሁ እያማሰላችሁ። ከዳቦ ጋር ይቀርባል። አንዴ የሞቀውን መልሳችሁ ፍሪዘር አታስገቡ።

ይህን እንቁላል ምሳ ዕቃ ውስጥ አላስገባም። ልጆቼ ከቤት የሚወጡት 1 ሰዓት ላይ ነው፣ ምሳ የሚበሉት 6 ሰዓት ላይ። አምስት ሰዓት ሙሉ ለብ ብሎ የሚቆይ እንቁላል ለልጅ አይሰጥም። ትኩስ የሚይዝ ደህና ቴርሞስ ያላችሁ፣ ምግቡን ከ60 ዲግሪ በላይ ካቆየላችሁ፣ እሱ ሌላ ነው። እኔ ዘንድ ግን እንቁላል ቁርስ ላይ ብቻ ነው።

"መብራት ሲጠፋስ?" ይህ የሁላችንም ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለቤተሰብ የሚያወጣው መመሪያ እንዲህ ይላል፦ በሩ ካልተከፈተ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪጅ ግን 4 ሰዓት ብቻ። ስለዚህ ፍሪዘሩ ባዶ ቦታ እንዳይኖረው በሃይላንድ ውሃ ሞልቼ እሰካለሁ፤ ጠርሙሱን እስከ አፉ አልሞላም፣ ውሃ ሲረጋ ይሰፋል። ከቤት ስወጣ ጠፍቶ መጥቶ እንደሆነ የማውቀው ደግሞ በሳንቲም ነው። በአንድ ኩባያ ውሃ አረጋለሁ፣ ሳንቲም ላዩ ላይ አስቀምጣለሁ። ከክፍለ ሀገር ስመለስ ሳንቲሙ ላዩ ላይ ካለ ሰላም ነው። ወደ ታች ከወረደ እኔ ሳልኖር ሁሉም ቀልጦ ነበር ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ እንቁላሉን እጥላለሁ። ያንገበግባል፣ ግን እጥላለሁ።

የተቀቀለ እንቁላል ለሚወዱ ልጆች ፍሪዘር አያስፈልግም፤ ፍሪጅ በቂ ነው። ከነቅርፊቱ 1 ሳምንት ይቆያል። ከጥሬው እንዳይምታታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ስትቀቅሉ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ደቂቃ አትመኑ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበልጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 10 ደቂቃ የሚለውን 13 እና 14 አድርጉት። ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ ፍሪዘር እንዳትከቱ፤ ይፈነዳል። ተሰብሮ ከተመታ ግን እስከ 1 ዓመት ይቀመጣል፤ በዓል ሲቃረብ ዋጋው ስለሚንር ኬክ የሚጋግር ሰው ቀደም ብሎ ገዝቶ እንዲህ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል።

የቅበላውን ዶሮ ወጥ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጣችሁ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ፣ የበዓሉ ሥጋ ሲሰለች፣ አውጡት። ማታ ወደ ፍሪጅ ይውረድ። በማግስቱ ወጡ በትንሽ እሳት ሲሞቅ ጎን ለጎን ትኩስ እንቁላል ቀቅሉ። ላጡት፣ ነጩን በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጉት፣ አስኳሉ ጋ ሳትደርሱ። ወጡ መፍላት ሲጀምር አስገቡት፣ 10 ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ከመውረዱ በፊት መከለሻ ነስነስ።