ኩላሊቱን ማን አውጣ አለህ?

የሕክምና ሰነዶችን በሚተረጉም አንድ ድርጅት ውስጥ በጀማሪነት እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ከግሪክኛና ከላቲን የመጡ የቃል ሥሮችንና ቅጥያዎችን በትንሽ ደብተር እየጻፍኩ መሸምደድ ጀምሬ ነበር። «ካርዲዮ» ልብ፣ «ሄፓቶ» ጉበት፣ «ኔፍሮ» ኩላሊት መሆኑን ካወቅሁ በኋላ፣ ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው ረጃጅም ቃላት መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ይፈቱልኝ ጀመር። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና «አፔንዴክቶሚ»፣ የቶንሲሉ ደግሞ «ቶንሲሌክቶሚ» መባሉን አይቼ፣ በደብተሬ ላይ «ቶሚ፦ ቆርጦ ማውጣት» ብዬ በቀይ ቀለም አሰመርኩበት። ቀዩ ቀለም ነው ጉድ የሠራኝ።

አንድ ቀን ታካሚ የሚፈርምበት የቀዶ ሕክምና የስምምነት ቅጽ ደረሰኝ። ርዕሱ «ኔፍሮስቶሚ» ይላል። በግሪክኛ ኩላሊት «ኔፍሮስ» እንደሚባል አውቅ ስለነበር፣ ቃሉን «ኔፍሮስ» እና «ቶሚ» ብዬ ለሁለት ከፈልኩትና «ኩላሊትን ቆርጦ ማውጣት» ብዬ ጻፍኩ። ወረድ ብሎ ቅጹ በጀርባ በኩል ወደ ኩላሊቱ ስለሚገባ ቀጭን ቱቦና ስለ ሽንት መቀበያ ከረጢት አያያዝ በዝርዝር ያትታል። ኩላሊቱ ከወጣ ቱቦው የት ይገባል ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ፣ የቀረው ኩላሊት ይሆናል በማለት ለራሴ መልስ ሰጥቼ አለፍኩ።

አራሚያችን ለብዙ ዓመታት በነርስነት ያገለገሉ ሴት ነበሩ። በማግስቱ ወረቀቱን ይዘው መጡና እርሳሳቸውን ርዕሱ ላይ አሳርፈው «ለመሆኑ ልጄ፣ የዚህን ሰው ኩላሊት ማን አውጣ አለህ?» አሉኝ። ደብተሬን አሳየኋቸው። ቀዩን መስመር አንብበው ሲያበቁ፣ «ሄሊኮፕተር» የሚለውን ቃል የት ላይ እንደምከፍለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላመነታ «ሄሊ» እና «ኮፕተር» አልኳቸው። እሳቸው ግን ከ«ኮ» በኋላ መስመር አሰመሩ፤ «ሄሊኮ» ጠመዝማዛ፣ «ፕተር» ክንፍ ነው። እርግጥ እንደ እኔ የከፈለው ሰው ብዙ ነውና ዛሬ «ኮፕተር» ራሱን ችሎ ለሌሎች በራሪዎች መጠሪያ ሆኗል፤ የስምምነት ቅጽ ግን እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሸከም ወረቀት አይደለም።

ከዚያ ወደ እኔ ቃል ተመለሱ። በ«ኔፍሮስቶሚ» ውስጥ «ስ» የምትባለው ፊደል የኩላሊቱ አይደለችም፤ በግሪክኛ አፍ ማለት ከሆነው «ስቶማ» የመጣች ናት። አማርኛውም የጉድጓድ አፍ፣ የቁስል አፍ ይላልና ነገሩ ለእኛ እንግዳ አልነበረም፦ የሚሠራው ሥራ ሽንት ወደ ውጭ የሚፈስበትን አፍ ለኩላሊት ማበጀት ነው። ኩላሊቱ ራሱ የሚወጣበት «ኔፍሬክቶሚ» ሲሆን፣ «ውጭ» የሚለውን ሐሳብ የሚያመጣው «ኤክ» የተባለው ቁራጭ ነው። ብቻውን የቆመው «ቶሚ» መቅደድን እንጂ ማውጣትን አይናገርም፤ «ኔፍሮቶሚ» ሲባልም ኩላሊቱ ይቀደዳል እንጂ ከቦታው አይነሣም። እኔ ሦስቱንም በአንድ ቀይ መስመር ጨፍልቄያቸው ነበር።

ቅጹ ከእጃችን ሳይወጣ በመያዙ ታረመ። ገና ያላስረከብኳቸውን ሥራዎች ሁሉ መልሼ ስፈትሽ «ትራኪኦስቶሚ» የሚለውንም «የአየር ቧንቧን ቆርጦ ማውጣት» ብየው አገኘሁ፤ እንዲህ የተደረገለት ሰው በምን ይተነፍስ እንደነበር ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ደብተሩን ግን አልጣልኩትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ኦርቶፔዲክስ» የሚለውን ቃል አገኘሁና፣ ፔዳል ከሚለው ቃል ተነሥቼ «ፔድ» እግር ነው ብዬ ጻፍኩ። ለማረጋገጥ ስፈልግ ስሙን ያወጣው ኒኮላ አንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1741 መሆኑን፣ የገጠመውም «ቀጥ ያለ» እና «ልጅ» የሚሉትን የግሪክኛ ቃላት መሆኑን ተረዳሁ፤ ሐሳቡ የልጆችን የተጣመመ አካል ማቃናት ነበር። የላቲኑ «ፔድ» እግር፣ የግሪክኛው ልጅ ነው። እንዳልረሳ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፌ ለአራሚዋ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ፔድ፦ ልጅ፣ እግር» የሚለውን አነበቡና፣ «ልጅ እግር! ይኸውልህ፣ አንተንም ደብተርህ ውስጥ አገኘሁህ» ብለው ሳቁ።