ዘይቱን ሳታጥቡ አታግሉት

ስለ ፓልም ዘይት ወሬ ሲነሳ ሁሉም ወይ ስለ ደን ጭፍጨፋ ወይ ስለ ኮሌስትሮል ነው የሚያወራው፣ ማጣሪያ ውስጥ ራሱ ስለሚፈጠረው ጣጣ ግን ብዙም ሲወራ አልሰማም። ጣጣው 3-ኤምሲፒዲ ኤስተርና ግላይሲዲል ኤስተር የሚባሉ ለጤና የሚያሰጉ ሁለት በካይ ነገሮች ናቸው፣ ድፍድፉ (ገና ያልተጣራው) ዘይት ላይ ሁለቱም የሉም ማለት ይቻላል። ሁለቱም በዋናነት የሚመጡት መጨረሻ ላይ ሽታው እንዲለቅ ዲኦዶራይዘር (ሽታ ማውጫው ማሽን) ውስጥ ሲግል ነው፣ እዛ ሙቀቱ 260 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ታዲያ "ሙቀቱን ቀንሱት በቃ" ይላል። ግማሽ መልስ ነው። ግላይሲዲል ከ230 ዲግሪ በላይ ነው በደንብ የሚጨምረው፣ ክሎሪንም አይፈልግም፣ ዳይግሊሰራይድ ማለትም በከፊል የተሰበረ ዘይት ካገኘ ይበቃዋል (ፓልም ላይ ደግሞ ሞልቷል፣ ፍሬው ተቆርጦ ሲቆስል ኢንዛይሙ ወዲያው ዘይቱን መሰባበር ይጀምራላ፣ ለዛ ነው ፍሬው ሳያድር በእንፋሎት ይቀቀል የሚባለው)። 3-ኤምሲፒዲ ግን 200 ዲግሪ አካባቢም ስለሚፈጠር ሙቀት ብትቀንሱለትም ብዙ አይሰማም። እሱ የሚፈልገው ክሎሪን ነው፣ ክሎሪኑ ደግሞ ከፍሬው ጋር ከእርሻው ነው የሚመጣው።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ብር የማወጣው ማጠቢያ ላይ ነው። ድፍድፉ ገና ጨመቃው ቦታ እያለ ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ሙቅ ውሃ ይጨመርበታል፣ በደንብ ይማታል፣ ከዛ ሴንትሪፊዩጅ የሚባለው አሽከርካሪ ማሽን ውሃውን ሲለየው ክሎራይዱ (ክሎሪኑ በጨው መልክ ያለው) ሟሙቶ አብሮ ይወጣል፣ ዘይቱ ደግሞ በቫኩም ይደርቃል። ቆሻሻ ውሃ ይበዛል፣ ትንሽ ዘይትም አብሮ ይሄዳል፣ ግን ክሎሪኑ ቆይቶ ከዘይቱ ጋር ከተጣበቀ በኋላ በውሃ ማውጣት ህልም ነው። ከዛ ደግሞ ሲጣራ ሙጫውን ለማውጣት የሚጨመረው አሲድ። ፎስፎሪክ አሲድ ማብዛት ነገሩን ያባብሳል፣ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የተሰራ የብሊቺንግ አፈር (ቀለምና ቆሻሻ የሚመጥ ሸክላ) መጠቀም ደሞ እኔን ያናድደኛል፣ ክሎሪኑን በአንድ በር አስወጥቶ በሌላው ማስገባት ነው።

ሙቀቱ ላይ ዋናው ችግር ቀለም ነው። ካሮቲኑ (ዘይቱን የሚያቀላው ቀለም) የሚሰበረውና ነጻ ፋቲ አሲዱ (ከዘይቱ ተሰብሮ የወጣው አሲድ) ተኖ የሚወጣው በሙቀት ስለሆነ ዝቅ ስታደርጉት ዘይቱ ቀላ ይላል፣ ገዢ ደግሞ ይመልሰዋል። እኔ ትንሽ ቢቀላ ምን አለበት ባይ ነኝ ግን የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ አንዳንዶች ባለ ሁለት ሙቀት ዲኦዶራይዘር ያስገባሉ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከፍ አርጎ የቀረውን ጊዜ ዝቅ ባለው ማስጨረስ።

ግላይሲዲል ካመለጠ መልሶ በአክቲቬትድ (በአሲድ በተሰራ) ብሊቺንግ አፈር አሳልፎ እንደገና በለስላሳ ሙቀት ሽታውን ማውጣት ይቻላል። የአውሮፓ ህብረት ገደብ ለሱ በኪሎ 1000 ማይክሮግራም ነው፣ ለህጻናት ምግብ በሚሆን ዘይት ላይ 500። ለ3-ኤምሲፒዲ ፓልም ላይ ከ2021 ጀምሮ 2500 ነው፣ እሱ ግን አንዴ ከተፈጠረ እንደ ግላይሲዲሉ በአፈር አይወጣም።